እርስዎ፣ መቀሱን አቀብለኝ

ሱሪዬ ሰፋኝ። ሐኪሙ የስኳሩ ነገር ነው ይላል፣ ልጆቼ ዕድሜ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን የምጠረጥረው ጨርቁን ነው። የዘንድሮ ጨርቅ ሁለቴ ታጥቦ ጠባዩን ካልለወጠ ተአምር ነው። ለማንኛውም ባለፈው ሳምንት ሱሪዬን በፌስታል ይዤ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ወደ መኪና ግርግር ወረድኩ። መኪና ግርግር በጁገል፣ በግንብ በታጠረችው በአሮጌዋ ሐረር፣ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ከግራና ከቀኝ የሚንጫጫው የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ዛሬ ጫጫታው ቀንሷል። መኪናዎቹ በነበሩበት ቦታ የሞባይል መሸፈኛና የፕላስቲክ ጫማ ተንጠልጥሏል፣ ዋጋውም ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አንድ አይደለም። ከቀሩት ሰፊዎች መካከል ሐያት የምትባል ሴት አለች፤ እጇ ቀጥ ያለ ነው እያሉ ያመሰግኗታል። እኔ ደግሞ ብዙ ሰው ያመሰገነው ነገር ያጠራጥረኛል፣ ስለዚህ ራሴ ልያት ብዬ ሄድኩ።

«ከወገቡ ሁለት ጣት ያህል አጥብቢልኝ፣ እግሩን እንዳትነኪው» አልኳት። «እሺ ጋሼ» አለችኝ፤ የሰማ ሰው እሺታ ግን አልነበረም። ሜትሩን ወገቤ ላይ ስታዞር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከሻርፗ ሥር ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ኪሷ ውስጥ ይገባል። ምን እንደምትሰማ ብጠይቃት «ምንም» ብላ ፊቷን አዞረች። ያን አዟዟር አውቀዋለሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሱሪዬ እስኪያልቅ እዚሁ ነኝ አልኳት። ጥቂት ከቆየች በኋላ ጥርጣሬዬ ሳያስቃት አልቀረም፤ ሽቦውን ከጆሮዋ አውጥታ ወደ እኔ ዘረጋችው። አንድ አስተማሪ ስለ ደም ዝውውር ያስረዳል። «ነርሲንግ እየተማርኩ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ነው ክፍላችን» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲያስተምር እቀዳዋለሁ፣ ስሰፋ አዳምጠዋለሁ። አቦ ጋሼ፣ ለባለ ሱቁ እንዳይነግሩብኝ፤ ወላሂ ሱሪዎን አሳምሬ ነው የምሠራው።» እኔ ደግሞ ማን ስለሆንኩ ነው የምነግርብሽ ልላት አፌን ስከፍት፣ ጎረቤት ያለው ሰፊ የጋለ ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ አሳረፈ። የራሰ ሱፍ እሳት ሲነካው የሚያወጣው ሽታ መንገዱን ሞላው፣ የምላትንም ረሳሁት።

እኔም እዚያ መንገድ ላይ ሰፊ ሆኜ መኪና የረገጥኩት ጎፈሬ በሹካ ማበጠሪያ በሚቆምበት፣ ሱሪ ከጉልበት በታች እየሰፋ መሬት በሚጠርግበት ዘመን ነው። ሸሚዝ ኮሌታው ትከሻ ላይ የሚደርስ ካልሆነ ሸሚዝ አይባልም ነበር። ሻይ በወተት በስሙኒ ይጠጣል፣ በተረፈው ሳንቲም ሐልዋ በወረቀት ይጠቀለልልሃል። ቴርጋሉና ካኪው ጨርቅ በባቡር ድሬዳዋ ይገባና ከዚያ በጭነት መኪና ዳገቱን ወጥቶ እኛ ጋ ይደርሳል። ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ሲል ከጨርቁ ጠርዝ ክር መዘን በክብሪት እናቃጥላለን። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፤ ሌላ ነገር ከሸተተ ሻጩን ከነጨርቁ እንሸኘዋለን። መጠርጠርን ማንም አላስተማረኝም፣ ሙያው ራሱ ነው ያለማመደኝ። ከፊታችን የካሴት ሱቅ ነበር፤ አንዴ የሐረሪ ሠርግ ዘፈን፣ አንዴ የኦሮምኛ፣ አንዴ የሱማሌ ይለቃል። እግራችን ሳይታወቀን በዘፈኑ ምት ፔዳሉን ይረግጣል፤ ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቱ ይጣመማል፣ ስፌቱ ሲጣመም አው ኢድሪስ ይጮኻሉ።

አው ኢድሪስ የሱቁ ባለቤትና አሠሪዬ ነበሩ። አው በሐረሪዎች ቋንቋ አባት ማለት ነው፣ ለተከበረ ትልቅ ሰውም ይሰጣል። ነጭ ኮፊያቸው ከራሳቸው፣ ሜትራቸው ከአንገታቸው፣ መርፌ ከከንፈራቸው አይጠፋም፤ መርፌውን ሳያወጡ ነው የሚናገሩትም፣ የሚሳደቡትም። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ፈጣንና ትክክለኛ፣ ግን አንቱታ የለበትም። ሁሉም ሰው «አንተ» ነው። አንድ ቀን ከሸዋ ተመድቦ የመጣ ትልቅ ባለሥልጣን ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ ገባ፣ ከኋላው ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አው ኢድሪስ ሜትራቸውን ዘርግተው «አንተ፣ እጅህን አንሳ» አሉት። ሰውየው ፊቱ ተቀያየረ፣ ተከታዮቹም ተጠጉ። እሳቸው ደረቱን ለክተው ሲጨርሱ «አቦ፣ ሜትር የሚያውቀው ወፍራምና ቀጭን ብቻ ነው» አሉት። ሰውየው ሳይወድ ሳቀ፣ ከዚያ በኋላ ልብሱን ሌላ ሰው ዘንድ አላሰፋም።

እኔ ግን በተቃራኒው አንቱታ በሞላበት ቤት ነው ያደግኩት። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ ሐረር የመጣ ወታደር ነበር፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ሐረሪውንም ኦሮምኛውንም ከሰፈር ልጆች ጋር ስሯሯጥ ለቅሜ አደግኩ። ከበራችን ስገባ ግን ታላቅ እኅቴ እንኳ «እትዬ» ነበረች። አባቴን አንድ ሻለቃ ዕድሜውን ሙሉ «አንተ» ሲለው ኖሯል፣ «አንተ ና፣ አንተ ሂድ፣ አንተ ጫማውን ጥረግ»። አንድ ቀን ጠርቶት «እርስዎ ይቀመጡ» አለው። አባቴ በደስታ ተቀመጠ። ሻለቃው ከዚያ ቀጥሎ የነገረው መሰናበቱን ነው። ቤት መጥቶ ኮፍያውን እያሻሸ «እርስዎ ሲለኝ መጠርጠር ነበረብኝ» ያለው ዛሬም ይሰማኛል። ከዚያ ወዲያ የቤቱ እንጀራ የሚወጣው እኔ ከምረግጠው መኪና ነበር።

ታዲያ መኪናዬ እንደዚያ ሆና ሳለ ምን ነካኝና ትምህርት ጀመርኩ? የጀመርኩት ፈርቼ ነው። ቤልቦተሙ ጠብቦ ሱሪ እንደገና ቀጥ ባለበት ጊዜ፣ ከጅጅጋ በኩል በትልልቅ ጥቅል ሰልባጅ መግባት ጀመረ። ሰው ለብሶት የተወው ኮትና ሱሪ ፈረስ መጋላ ላይ መሬት ላይ ተዘርግቶ እየተቆለለ ይሸጣል። ሰፊዎቹ «የሙት ልብስ ማን ይለብሳል» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። በምሳ ሰዓት ሄጄ አንዱን ኮት ገልብጬ ስፌቱን አየሁት፤ እኛ የማንሰፋው ዓይነት ስፌት ነው፣ ዋጋው ደግሞ እኛ ለፎደራው ብቻ የምንጠይቀውን አይሞላም። በዚያው ሰሞን ከሸዋ በር ወዲያ ባለ ትምህርት ቤት ማታ ማታ መምህራን ያሠለጥናሉ ሲባል ሰማሁና ለማንም ሳልናገር ተመዘገብኩ፤ የሒሳብ መምህር ልሆን።

ለማንም ሳልናገር ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ከእኔ በፊት እዚያች መኪና ላይ ይሠራ የነበረው ሰው መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ሳምንት መኪናዋ ለእኔ ተሰጠች። አው ኢድሪስ ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ጨርቅ ያበላሻል ብለው ያምናሉ። ደግሞ መኪናዬ በሩ ላይ ነበረች፣ ብርሃኑ ያለበት ቦታ፤ ጀማል የሚባለው የሥራ ባልደረባዬ ውስጥ ጨለማው ጋ ተቀምጦ ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም። ስለዚህ መጽሐፌን የደንበኛ ጨርቅ አስመስዬ በፎደራ እጠቀልለዋለሁ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲጠራ አው ኢድሪስ ወደ መስጊድ፣ ጀማልም ተከትሏቸው፣ እኔ ወደ ሸዋ በር። ዘመኑ ደግሞ ሰው ሰውን የሚጠረጥርበት ነበር፤ የትኛው ዘመን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እኔ ያየኋቸው ሁሉም እንደዚያ ነበሩ። መጽሐፍ ይዞ በምሽት የሚሄድ ሰው ከማን ጋር እንደሚሰበሰብ ይጠየቃል። ጀማል «አቦ ሽመልስ፣ ሁልጊዜ ሲመሽ የት ነው የምትጠፋው?» ይለኛል። ዝም ስለው ራሱ መልሱን ሠርቶ አወራው፤ ሽመልስ ሐኪም በሚባለው ጋራ በኩል ሴት ይዟል አለ። ወሬው ደስ አለኝ። ሴት ይዟል የተባለ ሰው መኪናው አይወሰድበትም፣ እንዲያውም ያፍሩለትና አይጠይቁትም።

ለሐያትም ይህንኑ ነገርኳት፣ እሷ ሱሪዬን እየፈታች። «ታዲያ ሴትዮዋ ነበረች?» አለችኝ። ያኔም የጠረጠሩኝ ሰዎች እንዲህ ነበር ዓይናቸው። አልነበረችም፤ የነበሩት ክፍልፋይና ሥሌት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ያለ ወገብ ማታ አግዳሚ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ምን እንደሚል የሚያውቀው የሠራበት ብቻ ነው። ዓይኔ ይከደናል፤ አስተማሪያችን «ሽመልስ!» ሲል እነቃና የተጠየቅኩትን ሳላውቅ «ሁለት ጣት ይጥበብ» እላለሁ። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። የማታ ተማሪ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ነርሱ የሕመምተኛ ስም፣ ሹፌሩ የከተማ ስም ይጠራል። ሐያት «እኔም ደንበኛ መስሎኝ ለአስተማሪው ቁልፉ ይቀየር ብዬዋለሁ» አለችና ሁለታችንም ሳቅን። ሳቋን ግን ቶሎ አቆመች፤ ባለ ሱቁ በዚያ አለፈ።

እኔን ያጋለጠችኝ ጠመኔ ናት። እኛ ሰፊዎች ጥቁር ጨርቅ ላይ የምናሰምረው በደረቀ ሳሙና ቁራጭ ነው። የጠመኔ መስመር ከሱፍ ላይ አይለቅምና ማንም አይነካውም። ማታ ሰሌዳ ላይ ተራ በተራ እየወጣን ማስተማር እንለማመድ ነበር፣ አንዷ ጠመኔ ኪሴ ውስጥ ቀርታለች። ጠዋት የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሱሪ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ፣ እንቅልፍ ያላለቀለት ሰው ስለሆንኩ እጄን ኪሴ ከተትኩና ያገኘሁትን አወጣሁ። ማሰመር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከወገቡ መጠን አራት ቀንሼ፣ የእኩል ይሆናል ምልክት አድርጌ፣ መልሱን ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ሰሌዳ ላይ ሲሆን ነው እንዲያ የሚደረገው፣ የኋላ ተማሪ እንዲያየው። አው ኢድሪስ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። መስመሩን በአውራ ጣታቸው አሹት። ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። የሚጮኹ ሰው ዝም ሲሉ የባሰ ነው።

በማግሥቱ ገብቼ መኪናዬን ዘይት ሳጠጣ፣ አው ኢድሪስ ከጠረጴዛቸው ቀና አሉና «እርስዎ፣ መቀሱን አቀብለኝ» አሉ። ዞር ብዬ በሩን አየሁ፣ ማን ገባ ብዬ። ማንም የለም። ጀማል ራሱን ደፍቶ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። መቀሱን አቀበልኳቸው። «እርስዎ ቁጭ በል» አሉኝ። ይህ ምን ማለት ነው? ሰውየው አንቱታ አያውቁም፤ «እርስዎ»ን ከየትም አምጥተው ከፊቱ ለጠፉትና ግሡን እንደነበረ ተዉት። መጀመሪያ ያሾፉብኝ መሰለኝ። ከዚያ አባቴና ሻለቃው ትዝ አሉኝ። በዚያን ቀን አንድም ስፌት ቀጥ ብሎ አልወጣልኝም፣ እሳቸው ግን አልተሳደቡም። ጠማማውን ጨርቅ አንስተው አዩት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «እርስዎ ደክሞሃል» ብለው አስቀመጡት።

ከዚያ ወዲህ የማየው ሁሉ መረጃ ሆነ። ከሰል አምጣ መባል ቀረ፣ ካውያውን ጀማል ማቀጣጠል ጀመረ። ሻይ ሲመጣ የእኔ ቀድሞ ይቀዳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች መጥተው መኪናዬን ከላይ እስከ ታች አዩ፣ አንዱ በክንዱ ለካት፣ ከአው ኢድሪስ ጋር በሐረሪ አንሾካሾኩና ሄዱ። ሐረሪ እሰማለሁ፤ ጆሮዬን ብቀስርም ያገኘሁት ግን «ጠባብ ነው፣ ያልፋል» የምትል ብቻ ነበረች። ምኑ ነው የሚያልፈው? የእኔ ጊዜ ነዋ! ጀማል ደግሞ የበሩን ብርሃን እያየ ያፏጫል። መልቀቅ አልችልም። ትምህርቱ መጨረሻው ላይ ደርሷል፣ በሚቀጥለው ወር ጠዋት ጠዋት እውነተኛ ክፍል ገብቼ በፈታኝ ፊት ማስተማር አለብኝ፤ ያን ካላደረግኩ እስካሁን የለፋሁት ከንቱ ነው። ፈቃድ ልጠይቅ ብል ደግሞ ማባረሪያ ሰበብ እሰጣቸዋለሁ። እናቴ ሽሮ ስታወጣ «መኪናህ ደህና ናት?» ትለኛለች፤ ደህና ናት እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስመጣ መኪናዬ በሩ ላይ የለችም። በቦታዋ የጀማል መኪና ቆማለች፣ ጀማልም ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተቀምጦባታል። «አቦ ሽመልስ፣ ብርሃን እንዲህ ነው እንዴ!» አለኝ። ስንት ወር ያመቅኩት ነገር ገነፈለ። አው ኢድሪስ ጨርቅ እየቆረጡ ነበር፣ ፊታቸው ቆምኩ።

«አው ኢድሪስ፣ ካሰናበቱኝ በግልጽ ይንገሩኝ። ሰው እርስዎ እየተባለ አይባረርም።»

መርፌዎቹን ከከንፈራቸው አንድ በአንድ አወጡ። «ማን አባረረህ?» አሉና ደንግጠው «ማን አባረረዎት?» ብለው አረሙት።

«መኪናዬስ?»

«ቤቴ ናት፣ ግቢዬ ውስጥ። ሰዎቹ የግቢዬ በር ይጠባል ብለው ለክተው ነው የወሰዷት። እዚያ ሆነህ... እዚያ ሆነው ይሰፋሉ። ሥራው ያው ነው፣ ደመወዙ ያው ነው።»

«ለምን?»

«አቦ፣ እርስዎ መምህር ልትሆን አይደል እንዴ! ነገ የምታስተምረው ልጅ በዚህ መንገድ ሲያልፍ እርስዎ በር ላይ ተቀምጠህ የአባቱን ሱሪ ስታሳጥር ይይህ? ከዚያ ማን ይፈራሃል?»

ማን እንደነገራቸው ጠየቅኳቸው።

«ጠመኔው ነዋ» አሉ። «ሰፊ መልሱን ሁለት ጊዜ አያሰምርም፣ ወላሂ። የሚያሰምር ከቢር ነው።» ከቢር የሚሉት ቁርአን የሚያስቀራ መምህርን ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ያውም ገና ያልተመረቅኩ፤ ከቢር አይደለሁም አልኳቸው። «ፊደል የሚያስቆጥር ሁሉ ከቢር ነው» አሉና ወደ ጨርቃቸው ተመለሱ። ለካስ በጁገል ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር እርስዎ የሚሉት፣ እሱም የልጅነት ከቢራቸው። «ከሞቱ ስንት ዘመናቸው። ዛሬም ስማቸውን ባዶውን አልጠራም፣ አፌ እምቢ ይለኛል» አሉኝ።

ማመን ነበረብኝ፣ ግን የኔ ጠባይ አይደለም። ሰው እንዲሁ እንዲህ አይሆንም፤ ዋጋውን አንድ ቀን ይጠይቁኛል አልኩ። ጠዋት ጠዋት ልምምድ እንድሄድ ሳልጠይቃቸው ፈቀዱልኝ፣ ጥርጣሬዬ ባሰ። ከሰዓት በኋላ ግቢያቸው ውስጥ እሰፋለሁ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነብ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ በወተት ያመጡልኛል፣ እሱንም ከመቅመሴ በፊት አያለሁ። ፈተናውን አለፍኩ። አቦከር ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ተመደብኩና መኪናዬን ለመጨረሻ ጊዜ ረገጥኳት። ያኔ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ለልጅ ልጃቸው ነጥብ፣ ለዘመዳቸው ቦታ፣ የሆነ ነገር። አልጠየቁም። ዓመታት አለፉ፣ አሁንም አልጠየቁም። ጥርጣሬዬ ልክ የወጣው በጀማል ላይ ብቻ ነው፤ እሱ በእርግጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሩን ነበር የሚፈልገው፣ ራሱም አልካደኝም።

አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እጠይቃቸው ነበር። በሐረሪ ቤት መቀመጫው በደረጃ የተሠራ መደብ ነው፣ ነደባ ይሉታል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ባለቤት አለው። እኔን የሚያስቀምጡኝ ከራሳቸው ከፍ አድርገው ነው። «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ተማሪዎቹ ደህና ናቸው?» ይሉኛል። በጊዜ ብዛት አማርኛቸው ተቃና፤ ግሡና ስሙ ተስማሙ፣ «እርስዎ ቁጭ በል» ቀረ፣ በመጨረሻ ስሕተት የሚባል አልነበረውም። ስሕተቱ ናፈቀኝ። ጀማል ሲመጣ «አንተ አህያ፣ ያን ኮሌታ ምን አደረግከው?» ብለው ይጮኹበታል፣ እሱም ይስቃል፣ ጉልበታቸውን ይዞ ይጫወታል። እኔ ከላይ፣ ከትራሱ መሀል ተቀምጬ አያለሁ። እቀናበት ነበር፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ እቀናበት ነበር። አንድ ጊዜ እንዲሰድቡኝ ብዬ ከሰልባጅ የገዛሁትን፣ ጫፉ የተጣመመ ሱሪ ሆን ብዬ ለብሼ ሄድኩ። ዓይናቸው ጫፉ ላይ ሲያርፍ አየሁት፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ጨርቁ ጥሩ ነው፣ መምህር» አሉኝ። ቤቴ ስገባ ሱሪውን አውልቄ ወረወርኩት። መምህር መሆን የፈለግኩት እኔ ነኝ፣ ያገኘሁትም ያንኑ ነው፤ ግን ሲሰጡኝ ምን እንደወሰዱብኝ ማንም አልነገረኝም። አባቴ ካረፈ በኋላ ደግሞ «አንተ» የሚለኝ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ እየጠፋ ሄደ። ልጆቼ አባባ፣ ተማሪዎቼ ቲቸር፣ ጎረቤቴ ጋሼ። ሰው አከበረኝ ማለት ነው። ምን ሊያደርጉብኝ ይሆን እያልኩ አሁንም እጠረጥራለሁ።

ሐያት ሱሪዬን ጨርሳ ሰጠችኝ። ወገቡን ገልብጬ አየሁት፤ እንከን ፈልጌ አጣሁበት። ትምህርቷን እንዳትተው ነገርኳት፣ ሌላ ግን ምንም ምክር አልሰጠኋትም፤ የሚመጣባትን የምትከፍለው ራሷ ናት። ከዚያ ወደ ቤቴ መሄድ ሲገባኝ እግሬ ወደ አው ኢድሪስ መንገድ ይዞኝ ሄደ። ቤቱ ዛሬ ሌላ ሰው ይኖርበታል። መንገዱ ያው ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፣ ግንቡ ላይ ያለው ኖራ በየዓመቱ ይወፍራል።

እዚያ ግንብ ሥር አንድ ዓርብ ቆሜ ነበር። አው ኢድሪስ ዓይናቸው ደክሞ መስፋት ካቆሙ በኋላ ነው፤ ዘግይቻለሁ፣ ዝናብ ይዞኛል። በሩን ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ከውስጥ ድምፃቸውን ሰማሁና አቆምኩ። አዳምጦ መግባት የቆየ ልማዴ ነው። ከወይዘሮ ዘይነብ ጋር በቋንቋቸው ነው የሚያወሩት።

«ሽመልስ ቀረ» አሉ።

«ዝናቡ ነው፣ ይመጣል» አሉ ወይዘሮ ዘይነብ።

«ይህ ልጅ ጃንጥላ መያዝ አያውቅም። ያኔም አያውቅም ነበር። ይበሰብሳል።» ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ዘይነብ፣ ሽመልስ መጣ እንዴ? በሩን እይልኝ።»

መምህር የለም፣ አቶ የለም። ስሜ ብቻውን፣ ባዶውን። ዝናቡ ከጣሪያው እየወረደ አንገቴ ውስጥ ይገባል። የወይዘሮ ዘይነብ እግር ወደ በሩ ሲመጣ ሰማሁ፤ እኔ ግን ወደ ግንቡ ተጠግቼ ጸጥ አልኩ፣ ሰው የለም ብለው እንዲመለሱ፣ አው ኢድሪስም አንድ ጊዜ ደግመው እንዲጠሩኝ።